ከዲ ኤን ኤ ጋር አልጣበቅ ያለ ፕሮቲን፦ በሱሉልታ የገጠመን የጋታ-3 ጉዳይ

ይህን ጉዳይ የምጽፈው፣ ለሦስት ወር ያህል መብራትን፣ ጭነትንና አቅራቢን ስንወቅስበት የከረምነው ችግር ዋና መነሻው የራሳችን ጠረጴዛ ላይ በቆመ አንድ ጠርሙስ ውስጥ ሆኖ ስላገኘነው ነው። የሰውም ሆነ የድርጅት ስም አልጠቅስም። ፕሮቲን ከውጭ ገዝተው የሚሠሩ ሌሎች ላቦራቶሪዎች የእኛን ሦስት ወር እንዳይደግሙት ግን ዝርዝሩን ሳልቆጥብ አስቀምጣለሁ።

የላቦራቶሪው ሁኔታ

ላቦራቶሪያችን ከአዲስ አበባ በስተሰሜን፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ላይ በምትገኘው ሱሉልታ ነው። ከፍታው ከባሕር ወለል 2,700 ሜትር አካባቢ ይሆናል። ከአጥራችን ውጭ የድርቆሽ ክምርና የወተት ላሞች አሉ፤ ማለዳ ደግሞ ሯጮች በደጃችን ያልፋሉ። አምስት ሰዎች ነን። አንድ ማይነስ 80 ፍሪዘር፣ አንድ ማይነስ 20፣ ሁለት ሴንትሪፊዩጅና አንድ ጄነሬተር አለን። እኔ የዕለት ሥራውን አስተባብራለሁ።

የምናጠናው የአንጀት ጥገኛ ትላትል በሰውነት የመከላከል አቅም ላይ የሚያደርሱትን ለውጥ ነው። ትል ሲገባ ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ባክቴሪያ ወይም ቫይረስ ሲገባ ከሚሰጠው የተለየ ነው፤ ቲ ኤች 2 የሚባሉት ረዳት ሴሎች ይበዛሉ፣ ኢኦሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎችም ይጨምራሉ። ይህን ምላሽ በአይጥ ላይ ማጥናት የተለመደ ነው።

ከመካከላችን አንዷ የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ ናት። ጥያቄዋ ግልጽ ነበር። ኢኦሲኖፊልን የሚያበዛው ኢንተርሊውኪን-5 የሚባለው፣ የመከላከያ ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡበት ፕሮቲን ነው። በአይጥ ውስጥ ከዚህ ፕሮቲን ጂን ራቅ ብለው ያሉ ሦስት የዲ ኤን ኤ ቁራጮችን መርጣ፣ ጋታ-3 የሚባለው ፕሮቲን በቀጥታ ይይዛቸው እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። ለዚህ ንጹሕ ጋታ-3 ያስፈልጋታል።

ፕሮቲኑ

ጋታ-3 ትራንስክሪፕሽን ፋክተር ነው፤ ዲ ኤን ኤ ላይ ተቀምጦ ጂን እንዲነበብ ወይም እንዳይነበብ ከሚያደርጉት ፕሮቲኖች አንዱ ማለት ነው። ስሙ የመጣው ከሚፈልገው የፊደል ቅደም ተከተል ነው፦ ጂ፣ ኤ፣ ቲ፣ ኤ። በአጥቢ እንስሳት ውስጥ የዚህ ቤተሰብ አባላት ስድስት ናቸው። ሦስተኛው የቲ ኤች 2 ሴሎች ዋና አዛዥ መሆኑ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ነበር። የአይጡ ጋታ-3 443 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሲሆን ክብደቱ 48 ኪሎዳልተን አካባቢ ነው።

ዲ ኤን ኤውን የሚይዘው «የዚንክ ጣት» በሚባሉ ሁለት እጥፋቶች ነው። በእያንዳንዱ ጣት ውስጥ ሲስቴይን የሚባሉ አራት አሚኖ አሲዶች አንድ የዚንክ አቶም ከበው ይይዛሉ። ዚንኩ ለጎጆ እንደ ምሰሶ ነው፤ ከተነቀለ ጣቱ ቅርጹን አይጠብቅም። ከሁለቱ ጣቶች ዋናው ያዥ ወደ ፕሮቲኑ መጨረሻ ያለው ነው። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ተማሪዋ በምርምር ዕቅዷ ላይ ሥዕሉን ሳይቀር አስገብታዋለች።

የገዛነው ብልቃጥ 50 ማይክሮግራም በ100 ማይክሮሊትር ፈሳሽ ውስጥ የያዘ ነበር። በሞላር ሲሰላ 10 ማይክሮሞላር ገደማ ይሆናል። ፕሮቲኑ የተመረተው በኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ ሲሆን ለማጣራት እንዲመች ስድስት ሂስቲዲን ተቀጥሎበታል። መግለጫው ላይ ሦስት ነገሮች በጉልህ ተጽፈዋል፦ ለምርምር ብቻ፣ ማይነስ 80 ላይ ይቀመጥ፣ ደጋግሞ ማቅለጥና ማቀዝቀዝ ይወገድ።

«አይጥ» የሚለው ቃል ያመጣው ጣጣ

ከፕሮፎርማው ጀምሮ ዕቃው አገር ውስጥ እስኪገባ አምስት ወር ሄደ። አብዛኛው ጊዜ የውጭ ምንዛሪ መጠበቂያ ስለነበር ብዙ አልልበትም። በትክክል ልጽፈው የምፈልገው የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት ነው።

ሣጥኑ በደረቅ በረዶ ታሽጎ አዲስ አበባ ደረሰ። የእኛ የድጋፍ ደብዳቤ «የአይጥ ፕሮቲን» ይላል። ወረቀቱን ያዩት ባለሙያ ከእንስሳ የተገኘ ነገር ነው ብለው የእንስሳት ጤና ማረጋገጫ ጠየቁ። በወቅቱ ተናደድን። ኋላ ደብዳቤውን ደግሜ ሳነበው ግን ጥያቄያቸው ተገቢ ሆኖ አገኘሁት፤ «የአይጥ ፕሮቲን» የሚል ወረቀት የያዘ ሰው ከአይጥ አካል የተወሰደ ነገር ነው ብሎ ቢያስብ ምን ይደንቃል?

እውነቱ በብልቃጡ ውስጥ አንድም የአይጥ ሴል አለመኖሩ ነው። ከአይጥ የተወሰደው መረጃው ብቻ ነው። የጂኑ ፊደላት በፕላዝሚድ (በትንሽ ክብ ዲ ኤን ኤ) ላይ ተጽፈው ባክቴሪያው ውስጥ ገቡ፤ ባክቴሪያው አንብቦ ፕሮቲኑን ሠራ፤ ከዚያ ባክቴሪያው ተፈጭቶ ፕሮቲኑ ብቻውን ተጣርቶ ወጣ። «ሪኮምቢናንት» የሚለው ቃል የሚነግረን ይህንኑ ነው፤ ያንን ቃል ደግሞ ደብዳቤው ላይ አልጻፍነውም። አዲስ ደብዳቤ ጽፈን፣ አስፈርመን፣ ማኅተም አስመትተን እስክንመለስ ሣጥኑ ሁለት ሌሊት አደረ። ደረቅ በረዶ ወደ ውኃ አይቀልጥም፤ ተንኖ ይጠፋል። ሣጥኑን ስንከፍት ፍርፋሪ እንኳ አልነበረም።

ቴክኒሻናችን ብልቃጡን አዘንብሎ ወደ መብራት አነሣው። ፈሳሹ ጥግ ለጥግ ሄደ። መዝገቡ ላይ «ፈሳሽ ሆኖ ደረሰ፤ ሲነኩት ይቀዘቅዛል» ብሎ ከነሰዓቱ ጻፈ። ይህች አንድ መስመር ኋላ በጣም ጠቀመችን።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ዕቃው የደረሰው ሐሙስ፣ ሊመሽ ሲል ነው። መከፋፈያ ቱቦዎቹ አልተዘጋጁም ነበር፤ ብልቃጡ እንዳለ ማይነስ 80 ገባ። በሚቀጥለው ሳምንት ተማሪዋ አቅልጣ ፕሮቲኖችን በክብደታቸው በሚለየው በኤስ ዲ ኤስ ጄል አየችው። 50 ኪሎዳልተን አካባቢ አንድ ወፍራም ባንድ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ሁላችንም ተነፈስን፤ «ተርፏል» ተባለ። ቀሪው ተመልሶ ፍሪዘር ገባ።

ከዚያ ኤምሳ ጀመረች። ኤምሳ የማያውቅ አንባቢ ካለ፦ አጭር ድርብ ዲ ኤን ኤ ኋላ እንዲታይ ባዮቲን የሚባል ምልክት ይለጠፍበትና ከፕሮቲኑ ጋር ተቀላቅሎ በጄል ውስጥ እንዲሄድ ይደረጋል። ፕሮቲን የያዘው ዲ ኤን ኤ ከባድ ስለሆነ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ነጻው ወደ ታች ይወርዳል። ወደ ኋላ የቀረ ባንድ ከታየ ፕሮቲኑ ይዟል ማለት ነው።

ምንም አልቀረም። ዲ ኤን ኤው ሁሉ ታች ነው። የጋታ-3 ማረፊያ መሆኑ ከሚታወቅ ቅደም ተከተል የተሠራው ኮንትሮል (ማነጻጸሪያ) እንኳ ወደ ታች ወረደ። ተማሪዋ የፕሮቲኑን መጠን እጥፍ አደረገች፤ ከዚያ አራት እጥፍ፤ ከዚያ አሥር እጥፍ። ውጤቱ ያው ነበር።

በመካከሉ የሐምሌ መብረቅ መጣ። አንድ ምሽት 2 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ፤ የጄነሬተሩ ባትሪ ሞቶ ስለነበር አልተነሣም። ጠዋት ስንገባ የፍሪዘሩ መለኪያ ማይነስ 41 ይላል። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ሌላ ምክንያት ማሰብ አቆምን። ጭነቱ አቀለጠው፣ መብራቱ ጨረሰው፤ በቃ ተባለ። ለአቅራቢው ጠንካራ የቅሬታ ደብዳቤ ተላከ። ተማሪዋ ለአዲስ ብልቃጥ ሌላ አምስት ወር ልትጠብቅ፣ የመመረቂያ ጊዜዋንም ልታራዝም መሆኑን ተረድታ ነበር። በእነዚያ ቀናት ከላቦራቶሪ በጊዜ ትወጣ ጀመር፤ እንዲህ ያለ ነገር በሁለት ዓመት ውስጥ አይቼባት አላውቅም።

የቀረውን መመርመር

አዲስ ከማዘዛችን በፊት፣ ገንዘብ ሳናወጣ ልንመልስ የምንችለውን ጥያቄ እንመልስ ብዬ ሐሳብ አቀረብኩ። ብልቃጡ ውስጥ 50 ማይክሮሊትር ገደማ ቀርቷል።

መጀመሪያ በማቀዝቀዣ ሴንትሪፊዩጅ በከፍተኛ ፍጥነት 15 ደቂቃ አሽከረከርነው። ከታች በዓይን የምትታይ ነጭ ዝቃጭ ነበረች። ከላይኛው ፈሳሽና ከዝቃጩ ጥቂት ጥቂት ወስደን ጎን ለጎን ጄል ላይ ስናስኬድ፣ ከፕሮቲኑ ሲሶ ያህሉ ዝቃጩ ውስጥ ነው። ተጣብቆ፣ ተቋጥሮ፣ ከሥራ ውጭ ሆኗል። የቀለጠው ጭነትና ደጋግመን ማቅለጣችን የበሉት ይህን ነው። የመጀመሪያው ጄል ይህን ሊያሳየን አይችልም ነበር፤ ኤስ ዲ ኤስ ሁሉንም አሟሙቶ፣ ዘርግቶ አንድ ባንድ ላይ ያስቀምጠዋልና። ጄል ፕሮቲኑ መኖሩን ይነግረናል፤ መሥራቱን አይነግረንም። ይህን ለተማሪ ስናስተምር ስንት ጊዜ ተናግረነዋል፤ ባንዱን ስናይ ግን እኛው ረሳነው።

ሲሶው ቢበላሽም ሁለት ሦስተኛው ፈሳሹ ውስጥ አለ። አሥር እጥፍ ሲጨመር እንኳ ምንም አለማሳየቱ በዚህ አይገለጽም። ስለዚህ መብራትና ጭነት ብቻቸውን ተጠያቂ ሊሆኑ አይችሉም ማለት ነው። ለእኔ ጉዳዩ የተገለበጠው እዚህ ላይ ነው።

ቀጥሎ ዲ ኤን ኤውን ጠረጠርን። ሁለቱን ነጠላ ክሮች ለማጣመር ተማሪዋ በፈላ ውኃ ውስጥ ታሞቃቸውና ቀስ ብለው እንዲቀዘቅዙ ትተዋቸዋለች። ፕሮቶኮሉ 95 ዲግሪ ይላል፤ በሱሉልታ ከፍታ ግን ውኃ 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል፤ ከዚያ አያልፍም። ጥሩ ጥርጣሬ ነበር፤ በባሕር ወለል ከፍታ የተጻፈ ፕሮቶኮል ደጋ ላይ ሲሠራበት ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው። ሆኖም ለ24 ፊደል ክር 91 ዲግሪ ከበቂ በላይ ነው። ነጠላውንና ድርቡን ጎን ለጎን ስናስኬዳቸው ክሮቹ በትክክል ተጣምረዋል። ጨውን ለዋወጥን፤ ፕሮቲኑ ያገኘውን ዲ ኤን ኤ ሁሉ እንዳይዝ የሚጨመረውን ማደናገሪያ ዲ ኤን ኤም ቀነስን። ለውጥ የለም።

ጠርሙሱ

ቴክኒሻናችን በዕድሜ ከሁላችን ይበልጣል፤ ተማሪዎቹ ጋሼ ይሉታል። አንድ ከሰዓት ተማሪዋ ስትሠራ አጠገቧ ቁጭ ብሎ ያይ ነበር።

«ልጄ፣ ይኼን ፕሮቲን በምንድን ነው የምታቀጥኚው?»

«በቲ ኢ ነው ጋሼ። ሁልጊዜ የምንጠቀምበት።»

«ቲ ኢ ውስጥ ምን አለ?»

«ትሪስና ኢ ዲ…» ብላ ቆመች። ፒፔቱን ማስቀመጫው ላይ ሰቀለችና ጠርሙሱን አነሣች። ሰማያዊ ፕላስተር የተለጠፈበት፣ በእጅ ጽሑፍ «ቲ ኢ፣ ንጹሕ» የሚል የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ነው። ከዚያ ምንም ሳትል ማስታወሻ ደብተሯን ገልጣ ማስላት ጀመረች።

ቲ ኢ በእኛ ላቦራቶሪ እንደ ውኃ ነው። ዲ ኤን ኤ የሚቀመጠውም የሚቀጥነውም በእሱ ነው። ውስጡ 1 ሚሊሞላር ኢ ዲ ቲ ኤ አለ፤ ኢ ዲ ቲ ኤ ደግሞ ብረታ ብረት ነጣቂ ነው። ዲ ኤን ኤን የሚቆርጡ ኢንዛይሞች ማግኒዚየም ስለሚፈልጉ፣ ማግኒዚየሙን ነጥቆ ዲ ኤን ኤውን ይጠብቃል። ለዲ ኤን ኤ ጠባቂ የሆነው ለዚንክ ጣት ግን ዘራፊ ነው።

ተማሪዋ ፕሮቲኑን መቶ እጥፍ አቅጥና፣ ቱቦውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድራ፣ ለቀናት ከእሱ እየቀዳች ነበር የምትሠራው። 10 ማይክሮሞላር መቶ እጥፍ ሲቀጥን 100 ናኖሞላር ይሆናል። በእያንዳንዱ ፕሮቲን ሁለት ዚንክ ስላለ ዚንኩ 200 ናኖሞላር ነው። ኢ ዲ ቲ ኤው 1 ሚሊሞላር። ለአንድ የዚንክ አቶም 5,000 ነጣቂ ማለት ነው፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ። በዚያ ላይ ቲ ኢ ውስጥ ሲስቴይኖችን ከኦክስጅን የሚጠብቀው ዲ ቲ ቲ የለም፤ ዚንካቸውን ያጡ ሲስቴይኖች በአየሩ ኦክስጅን እርስ በርስ ይቆላለፋሉ። ተሸካሚ ፕሮቲንም የለበትም፤ እንዲህ የቀጠነ ፕሮቲን ከፊሉ የቱቦው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። «የዚንክ ጣት» የሚለው ሐሳብ ራሱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 በካምብሪጅ የአሮን ክሉግ ቡድን በአንድ የእንቁራሪት ፕሮቲን ላይ ባደረገው ጥናት ነው። የዚያ ፕሮቲን ዚንክ በኢ ዲ ቲ ኤ ሲነጠቅ ዲ ኤን ኤ መያዙን እንደሚያቆም ከዚያም ቀደም ብሎ ታይቷል። ዕውቀቱ አርባ ዓመት የቆየ ነው፤ ከመጽሐፉ ወደ ጠርሙሱ አልተሻገረልንም እንጂ።

አራት ቱቦ

ጥርጣሬ ማስረጃ ስላልሆነ በቀጥታ መሞከር ነበረበት። አዲስ ማቅጠኛ ባፈር አዘጋጀን፦ 20 ሚሊሞላር ሄፔስ፣ 100 ሚሊሞላር ፖታሲየም ክሎራይድ፣ 10 በመቶ ግሊሰሮል፣ 10 ማይክሮሞላር ዚንክ ሰልፌት፣ 0.1 ሚሊግራም በሚሊሊትር ቢ ኤስ ኤ (ተሸካሚ ፕሮቲኑ)፣ በዕለቱ የተበጠበጠ 1 ሚሊሞላር ዲ ቲ ቲ። ኢ ዲ ቲ ኤ የለም። ፎስፌት ባፈርም አልተጠቀምንም፤ ዚንክን ያዘቅጣልና። ጄሉም ኢ ዲ ቲ ኤ በሌለው ትሪስ-ቦሬት እንዲሄድ ተደረገ።

ቱቦ 1 ከሴንትሪፊዩጁ የወጣው ፈሳሽ በአዲሱ ባፈር የቀጠነ ነው። ቱቦ 2 ያው ሆኖ 1 ሚሊሞላር ኢ ዲ ቲ ኤ ተጨምሮበታል፤ የሁለቱ ልዩነት ኢ ዲ ቲ ኤው ብቻ እንዲሆን ተጠንቅቀናል። ቱቦ 3 ተማሪዋ ስትሠራበት የነበረው የቲ ኢ ቅጥን ነው። ቱቦ 4 ያንኑ ቅጥን ወስደን ትኩስ ዲ ቲ ቲና ዚንክ የጨመርንበት። አራቱም 4 ዲግሪ ላይ አደሩ። በማግሥቱ በኮንትሮሉ ዲ ኤን ኤ ተሞከሩ።

ቱቦ 1 ባንዱን ወደ ኋላ አስቀረ። ጥቁር፣ ቀጥ ያለ፣ ማንም የማይጠራጠረው ባንድ። ቱቦ 2 ላይ ትኩር ብለው ሲያዩት ብቻ የምትታይ ጥላ ነበረች። ቱቦ 3 ባዶ። ቱቦ 4 ደብዛዛ ባንድ ሰጠ፤ የተነጠቀው ዚንክ ሲመለስ ከፕሮቲኑ ጥቂቱ እንደገና ይነሣል፣ አብዛኛው ግን አይመለስም ማለት ነው።

በዚህ ብቻ አልረካንም። ባዮቲን የሌለው ተመሳሳይ ዲ ኤን ኤ ብዙ አድርገን ስንጨምር ባንዱ ጠፋ፤ የጂ-ኤ-ቲ-ኤ ፊደሎቹ የተቀየሩበትን ስንጨምር ግን ባለበት ቆየ። ፕሮቲኑ ሕያው ነው፤ የሚይዘውንም ያውቃል።

ተማሪዋ ፊልሙን ይዛ ወደ ቴክኒሻኑ ሄደች። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሲመለሱ ግን ሰማያዊ ፕላስተር የነበረው ጠርሙስ ቀይ ፕላስተር ተለጥፎበት ነበር፦ «ለዲ ኤን ኤ ብቻ»።

ናይትሮጅን ከከብት አዳቃዩ

የቀረውን ፕሮቲን ከእንግዲህ አንድ ጊዜ እንኳ በከንቱ ልናቀልጠው አንችልም። በትንንሽ ቱቦ ከፋፍሎ በቅጽበት ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ ቀስ ብሎ ሲረጋ ጨውና ፕሮቲኑ በአንድ ጥግ እየተጠራቀሙ ይጎዳዳሉና። ደረቅ በረዶ ሱሉልታ ላይ ከየት ይመጣል?

መልሱ በደጃችን ያልፍ ነበር። ሱሉልታ የወተት አገር ስለሆነች የከብት አዳቃዮች የበሬ ዘር የያዙ ቀጫጭን ስትሮዎችን በፈሳሽ ናይትሮጅን ማጠራቀሚያ ይዘው በሞተር ሳይክል ከግቢ ግቢ ይዞራሉ። ናይትሮጅኑ ማይነስ 196 ዲግሪ ነው። አንዱን ጠየቅነው። «ለላሞቹ ካላጎደለ ምን ችግር አለው፣ ነገ ልሞላ እሄዳለሁ» አለንና ግማሽ ሊትር ያህል በቴርሞስ ቀዳልን። ገንዘብ አልተቀበለም፤ ቡና ጠጥቶ ሄደ።

መስኮት ከፍተን፣ መነጽርና ወፍራም ጓንት አድርገን፣ የተቀዳበትን ቴርሞስ ክዳን ሳንገጥም ሠራን። ክዳን የተገጠመ ናይትሮጅን ሲተን ሊፈነዳ ይችላል። 45 ማይክሮሊትሩን በ15 ቀጫጭን የፒ ሲ አር ቱቦዎች ሦስት ሦስት ማይክሮሊትር አደረግን። እያንዳንዱን ቱቦ በወረንጦ ይዘን ግማሹን ብቻ ለ20 ሰከንድ ነከርነው፤ ጠቅላላውን ማስመጥ ፈሳሹ በክዳኑ እንዲገባ ያደርጋል። ሁሉም ወዲያው ነጡ።

መጠኑን ስናሰላ የደነቀን ነገር አለ። አንድ የኤምሳ ምላሽ በ20 ማይክሮሊትር ውስጥ 20 ናኖሞላር ፕሮቲን ብቻ ይፈልጋል፤ ይህም 19 ናኖግራም ገደማ ነው። የቀረን 15 ማይክሮግራም ከ700 በላይ ምላሽ ይሠራል። ባንድ ፍለጋ መጠኑን እጥፍ ድርብ እያደረግን ያፈሰስነው ሁሉ ለብዙ ዓመት የሚበቃ ነበር።

ያልተሳኩልን

ዝቃጩን ለማዳን ሁለት ቀን አባክነናል። በዩሪያ አሟሙተን፣ ዚንክ ጨምረን ቀስ በቀስ ዩሪያውን ብናወጣለትም ተመልሶ ዘቀጠ። በዚህ መጠን ባይሞከር ይሻላል።

ዚንክ ጠቃሚ ከሆነ ቢበዛስ ብለን 1 ሚሊሞላር ጨምረን ነበር። ፈሳሹ ደፈረሰ፤ ባንዱም ጠፋ። ብዙ ዚንክ ፕሮቲኖችን እርስ በርስ ያጣብቃል። አንድ ቀን ደግሞ ማይነስ 20 ውስጥ ዓመት በቆየ ዲ ቲ ቲ ሠርተን ባንዱ ደበዘዘብን፤ የቱቦው ክዳን ላልቶ ነበር። ዲ ቲ ቲ ከኦክስጅን ጋር ሲገናኝ ይሞታልና ከዱቄቱ በዕለቱ መበጥበጥ ግዴታ ሆኗል።

ለሌላ ላቦራቶሪ የሚሆነው

ከሁሉ በፊት የምለው ስለ መድረሻው ቀን ነው። ፕሮቲን በደረሰ በማግሥቱ፣ እንደሚይዘው ከሚታወቅ ዲ ኤን ኤ ጋር አንድ ጊዜ መሞከር አለበት። ያን ብናደርግ ኖሮ በትክክለኛው ባፈር ውስጥ የነበረው አቅም ተመዝግቦ ይቀመጥ ነበር፤ ኋላ መብራት ሲጠፋ ምን እንደቀነሰ እናውቅ ነበር። እኛ መነሻ ስላልነበረን ከምን እንደወረድን ሳናውቅ ነው የፈረድነው።

የባፈር ስም የባፈሩን ይዘት ይሸፍናል። «ቲ ኢ» ሲባል ማንም ኢ ዲ ቲ ኤን አያስብም። አሁን በጠርሙሶቻችን ላይ ስም ሳይሆን ሙሉው ይዘት ነው የሚጻፈው፤ ኢ ዲ ቲ ኤ ያለበት ሁሉ ቀይ ፕላስተር አለው። በሂስቲዲን ጅራት ፕሮቲን የሚያጣሩም ይጠንቀቁ፤ ኢ ዲ ቲ ኤ ከማጣሪያው ዓምድ ላይ ኒኬሉን ይነጥቃል።

መብራትንና ጭነትን መውቀሳችን ከፊል እውነት ነበረው፤ ሲሶውን አጥተናል። አስቸጋሪ ያደረገውም ይኸው ነው። ሁላችንም የምናውቀው፣ ሁላችንም የምንማረርበት ምክንያት ፊት ለፊት ሲቆም ሌላውን አይተን አናጣራም። ለፍሪዘሩም ቢሆን ማድረግ የሚቻል ነገር ነበር። ባዶ መደርደሪያዎቹን በውኃ በተሞሉ ላስቲክ ጠርሙሶች ሞልተናቸዋል፤ የረጋው ውኃ መብራት ሲጠፋ ሙቀቱ ቶሎ እንዳይጨምር ይይዘዋል። የጄነሬተሩ ባትሪ ዘወትር ሰኞ ይፈተሻል።

ወረቀትን በተመለከተ፣ ደብዳቤያችን አሁን «በባክቴሪያ ውስጥ የተመረተ ሪኮምቢናንት ፕሮቲን፤ ከእንስሳ አካል ያልተወሰደ፤ በሽታ የማያስተላልፍ፤ ለላቦራቶሪ ምርምር ብቻ» ይላል። ከዚህ ወዲህ ሁለት ዕቃ አስገብተናል፤ ሁለቱም ሳያድሩ ወጥተዋል።

አሁን ያለንበት

ለአቅራቢው ሌላ ደብዳቤ ጻፍን። የጭነቱን ቅሬታ እንደያዝን፣ ፕሮቲናችሁ አይሠራም ያልነውን ግን በይቅርታ አነሣን። ከነማስረጃው ስለላክንላቸው ለቀጣዩ ትእዛዝ ተጨማሪ ደረቅ በረዶ በነጻ ለማድረግ ተስማምተዋል።

ከተማሪዋ ሦስት የዲ ኤን ኤ ቁራጮች አንደኛውን ጋታ-3 በደንብ ይይዘዋል። ሁለተኛውን አይነካውም። ሦስተኛው ፕሮቲኑ ሲበዛ ብቻ ደካማ ባንድ ያሳያል፤ እውነተኛ ይሁን በብዛት የመጣ አልተለየም፤ ስለዚህ በመመረቂያ ጽሑፏ ውስጥ ገና አላስገባችውም። ሁለተኛው ብልቃጥ ታዝዟል። ከአሥራ አምስቱ ቱቦዎች ሦስቱ ፍሪዘሩ ውስጥ «አይነካ» ተብሎ ተጽፎባቸው ተቀምጠዋል፤ አዲሱ በደረሰ ማግሥት ጎን ለጎን አንድ ጄል ላይ ይሄዳሉ።